ነጠላ ያሳሳተው ማሽን

የድሮ የሠርግ ወይም የጥምቀት አልበም ያገላበጠ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። በጥቁርና ነጭ የተነሡት አያት የፊታቸው መጨማደድ ሳይቀር ተለይቶ ይታያል። በባለቀለም የተነሣችው ልጃቸው ግን፣ በተለይ ነጭ ለብሳ ከሆነ፣ ፊቷ ጠቁሮ ዓይንና ጥርስ ብቻ ቀርቷታል። ነጠላዋም ቢሆን ነጭ አይደለም፤ ዐመድ መስሏል። ጥፋቱን በአንሺው ላይ እንጥላለን፤ ካልሆነም «እኔ ፎቶ አይወደኝም» ብለን ወደ ራሳችን እናዞረዋለን። ከሁለቱ በፊት መጠየቅ የነበረበት ግን ማተሚያው ነው።

በጥቁርና ነጭ ዘመን አጣቢው በደብዛዛ ቀይ አምፖል ሥር፣ ፊት ከወረቀቱ ላይ ቀስ እያለ ሲወጣ እያየ ይሠራ ነበር። የቀለም ወረቀት ይህን አይፈቅድም፤ ቀዩንም አረንጓዴውንም ሰማያዊውንም ብርሃን ስለሚቀበል ድፍን ጨለማ ይፈልጋል። በማጉያው ራስ ውስጥ ደግሞ ቢጫ፣ ማጀንታና ሲያን ማጣሪያዎች አሉ። ሥዕሉ ላይ ቢጫ ከበዛ ቢጫ ማጣሪያ ይጨመራል። ጀማሪ ሁሉ የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው፤ በዛ ሲሉት ይቀንሳል። ከኔጌቲቭ ሲታተም ሥራው ሁሉ ግልብጥ ነው።

ይህን ለእያንዳንዱ ፎቶ በእጅ መሞከር ጊዜም ወረቀትም ይበላል። የኮዳኩ ራልፍ ኢቫንስ እ.ኤ.አ. በ1946 አመልክቶ በ1951 የፈጠራ መብት ያገኘበት መላ ቀላል ነበር፤ የአንድ ተራ ፎቶ ቀለሞች በሙሉ ቢደባለቁ ወደ ግራጫ ይጠጋሉ። እንግዲያው ማሽኑ በኔጌቲቩ ያለፈውን ብርሃን ይለካ፣ ድምሩ ግራጫ እስኪሆንም ያስተካክል። አውቶማቲክ ማጉያዎችም ሆኑ ኋላ በየፎቶ ቤቱ የገቡት ማተሚያዎች የተመሠረቱት በዚህ ላይ ነው። እውነቱን ለመናገር ግሩም ሐሳብ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ይሠራል።

ችግሩ ፎቶው «ተራ» ሳይሆን ሲቀር ነው። ሣር ላይ የተነሣ ልጅ ካለ ማሽኑ አረንጓዴው በዛብኝ ይልና የልጁን ፊት ወደ ሐምራዊ ይወስደዋል። ነጭ የለበሱ ሰዎች ሥዕሉን ሲሞሉት ደግሞ የባሰ ነው። ነጭ በኔጌቲቭ ላይ ጥቁር ስለሆነ ብርሃን እምብዛም አያሳልፍም፤ ማሽኑም ብርሃን አነሰ ብሎ ያስረዝማል። ነጠላው ወደ ግራጫ ይወርዳል፣ ጠይሙ ፊት ደግሞ ከነዝርዝሩ ይሰምጣል። ቀይ የሚባለውም ሰው ይጠቁራል፤ እሱ ግን ከጠቆረ በኋላም ፊት ይተርፈዋል።

ማሽኑ ልክ መሆኑ የሚፈተንበትም ፊት ነበረ። ኮዳክ ለማተሚያ ቤቶች የሚልከው መመሳከሪያ ካርድ ላይ ለዓመታት የነበረችው ነጭ ሴት ናት፤ በስቱዲዮው ሞዴል በሸርሊ ፔጅ ስም ካርዱ ራሱ «ሸርሊ» ተባለ። ካናዳዊቷ ተመራማሪ ሎርና ሮዝ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመችው ጥናት አንድ የቀድሞ የኮዳክ ኃላፊ የነገራትን ጽፋለች። ፊልሙ ቡናማን ከቡናማ እንዲለይ የወተወቱት የቸኮሌትና የቤት ዕቃ አምራቾች ነበሩ አሉ። ቸኮሌት ከሰው ቀድሞ አቤት ብሎ ተሰማለት! ጥቁርና እስያዊት ሴቶች ከነጯ ጎን የቆሙበት ካርድ የመጣው በ1990ዎቹ ነው።

እስከዚያ ድረስ ፊታችን በአጣቢው እጅ ነበር። ጎበዙ አጣቢ ጠዋት ደንበኛ ሳይገባ የመፈተኛ ኔጌቲቭ ያትማል። አምፖል ሲያረጅ የብርሃኑ ቀለም እንደሚለወጥ፣ መብራት ከፍ ዝቅ ሲል ፎቶውም አብሮ እንደሚዋዥቅ፣ የማጠቢያው ፈሳሽ ሙቀት ከልኩ (በኋለኛው አሠራር 35 ዲግሪ) ሲወጣ ሁሉም እንደሚበላሽ ያውቃል። ነጠላ የለበሰ ሰው ሲመጣለት የማሽኑን ፍርድ ትቶ ብርሃን መቀነሻውን ቁልፍ አንድ ሁለቴ ይጫናል። ሰነፉ ማሽኑ ያለውን አትሞ በፖስታ ይሰጣል፤ እኛም ከፍለን እንሄዳለን።

ሲነሣ በቂ ብርሃን ከነበረ፣ ወረቀቱ ላይ የጠፋው ፊት ኔጌቲቩ ላይ አለ። ዛሬም በስካነር አንብቦ ወይም እንደገና አትሞ ማውጣት ይቻላል። ከፎቶው ጋር በፖስታ ይሰጡን የነበሩት እነዚያ ቡናማ ቁራጮች፣ የቤቱ ልጆች ቆሻሻ ነው ብለው ካልጣሏቸው፣ ከአልበሙ ጀርባ ተወሽቀው ይሆናል።