እያሳሳቀ የወሰደ ውሃ

ዓሣ እንዳያመልጥ የተሠራ ወንፊት ሰው ይገድላል? ሳትስቁ ስሙኝማ።

አሜሪካ፣ ፔንሲልቬንያ ውስጥ፣ ከጆንስታውን ከተማ 23 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ላይ ሳውዝ ፎርክ የሚባል የአፈር ግድብ ነበር። ያሠራው መንግሥት ነው፤ የጀልባ ቦይ በበጋ ውሃ እንዳያጣ። ባቡር ሲመጣ ቦዩ ተረሳ፤ ግድቡም ተሸጠ፣ እንደገና ተሸጠ። ከባለቤቶቹ አንዱ ከሥሩ የነበሩትን የብረት ውሃ መልቀቂያ ቱቦዎች ነቅሎ ሸጣቸው (በእኛ ሰፈር ቋንቋ፣ ለቁራሌ!)።

እ.ኤ.አ. በ1879 የፒትስበርግ ሀብታሞች የዓሣና የአደን ክለብ አደረጉት። እነ አንድሩ ካርኔጊ አባል ነበሩ። ቱቦዎቹን አልመለሱም። ጭራሽ ሠረገላ እንዲያልፍበት የግድቡን አናት ዝቅ አደረጉት፤ በጎርፍ ማስተንፈሻው ላይም የዓሣ ወንፊት ገጠሙ።

የአፈር ግድብ ጠላቱ አናቱን አልፎ የሚፈስ ውሃ ነው። አንዴ ካለፈ አፈሩን እየበላ ይወርዳል። ለዚህ ነው ማስተንፈሻው ሁሌ ክፍት መሆን ያለበት።

ማንም አልተናገረም እንዳይባል፣ በ1880 የከተማው ብረት ፋብሪካ ኃላፊ ዳንኤል ሞሬል መሐንዲስ ልኮ አስመረመረ። መሐንዲሱ ጥገናው ደካማ መሆኑንና ውሃ መቀነሻ እንደሌለው ጻፈ። ሞሬል ወጪውን ልጋራ ቢልም ክለቡ እምቢ አለ።

ሜይ 31 ቀን 1889 ከባድ ዝናብ ጣለ። ወንፊቱ በቆሻሻ ታፈነ። ሠራተኞች ሌላ መውጫ ለመቆፈር ታገሉ፤ አልሆነም። የቴሌግራፍ ማስጠንቀቂያም ተልኮ ነበር፤ ግን ጆንስታውን "ግድቡ ሊፈርስ ነው" የሚለውን ወሬ ለምዶታል። ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ግድቡ ተናደ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ውሃው ከተማዋ ደረሰ። 2,209 ሰው አለቀ።

ፍርድ ቤትስ? ክለቡ ለተጎጂዎች ካሣ እንዲከፍል አልተፈረደበትም። የእግዜር ሥራ ነው ተባለ። ወንፊቱን የገጠመው ግን እግዜር አልነበረም!

የጥንት ታሪክ ነው የምትሉ ካላችሁ፣ በሜይ 2018 እዚሁ ጎረቤት ኬንያ፣ ሶላይ፣ የአንድ የግል እርሻ የአፈር ግድብ በሌሊት ተደርምሶ ከ40 በላይ ሰዎችን ገድሏል።

ትንሽ ግድብ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። መስኖ ነው፣ ዓሣ ነው፣ የከብት ውሃ ነው። ግን ጥቅሙ የባለቤቱ ሆኖ አደጋው ከታች ላለው ሰው ከሆነ፣ "ግድቡ የግሌ ነው" የሚባል ነገር የለም። ውሃው ያጥር ሲያልፍ ካርታ አያይም።