የሞተር ማቀዝቀዣ ታሪክና የደንዲ ዳገት

የሰው ልጅ እሳትን በብረት ውስጥ አስሮ ማሠራት ከጀመረ ወዲህ አንድ ችግር አልተለየውም፤ ይኸውም እሳቱ ብረቱን እንዳያበላሸው ማቀዝቀዝ ነው። እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች የዚህን ታሪክ በትምህርት ቤታችን የመታሰቢያ መጽሔት ላይ ለመጻፍ የተነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ምክንያቱን ወደ ታች እንገልጻለን።

በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ከአዲስ አበባ እስከ አዲስ ዓለም የተሠራው መንገድ ከአገራችን የመጀመሪያዎቹ ዘመናዊ መንገዶች አንዱ ነው፤ ዛሬም ወደ ጊንጪና ወደ አምቦ የምንጓዘው በዚያው አቅጣጫ ነው። በ1890ዎቹ ዓ.ም. ሰርኪስ ቴርዚያን የተባለው አርመናዊ በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ አስመጣ፤ ሕዝቡም «የሰርኪስ ባቡር» አለው። በ1900 ዓ.ም. ደግሞ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ አውቶሞቢል ይዞ አዲስ አበባ ገባ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ተሳፈሩበት።

በአውሮፓ ካርል ቤንዝ በ1886 እ.ኤ.አ. በሠራው ተሽከርካሪ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውሃ በእንፋሎት እየተነነ ስለሚያልቅ ዘወትር መጨመር ነበረበት። በ1901 እ.ኤ.አ. ግን ቪልሄልም ማይባኽ ለመርሴዲስ መኪና የማር እንጀራ የሚመስል ራዲያተር አበጀ፤ ነፋስ በብዙ ቀዳዳዎቹ እያለፈ ውሃውን ስለሚያበርደው ያው ውሃ ተመላልሶ ያገለግል ጀመር። ከራዲያተሩ ኋላ ያለውን ማራገቢያም ሞተሩ ራሱ በቺንጋ ያሽከረክረው ነበር። ሆኖም ሞተሩ ቀስ ሲል ማራገቢያውም ቀስ ይላል። ስለዚህ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ በባትሪ ኃይል የሚሠራ፣ ሙቀት ሲበዛ በራሱ የሚነሣ ማራገቢያ እየተስፋፋ ሄደ።

አሁን ወደ ምክንያታችን እንመለስ። ባለፈው ዓመት የደንዲን ሐይቅ ለማየት በአንዲት አሮጌ ፒካፕ ተሳፍረን ወጣን። የመኪናዋ ሞተር በሌላ ተለቅ ባለ ሞተር ስለ ተተካ ለቀድሞው ማራገቢያ ቦታ ጠፍቶ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ተገጥሞላት ነበር። ዳገቱ መካከል ስንደርስ ውሃው ፈላ፤ ማራገቢያው ግን ጭራሽ አልተነሣም። አንድ ጓደኛችን ሊረዳ ቸኩሎ የራዲያተሩን ክዳን ቢከፍተው የፈላው ውሃ ክንዱን አቃጠለው። ውሃ ቀድተው የሚመለሱ እናቶች እንስራቸውን አውርደው ክንዱን በቀዝቃዛ ውሃ አጠቡለት። ሐይቁንም ሳናይ ተመለስን።

በኋላ በጊንጪ አንድ አዛውንት መካኒክ መኪናዋን መርምረው እንዲህ አሉን፦ «ልጆቼ፣ ማራገቢያው ጤነኛ ነው፤ የታመመው ክዳኑ ነው።» በፊዚክስ እንደ ተማርነው ውሃ በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ ሲፈላ፣ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው በደንዲ ሐይቅ አካባቢ ግን በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የማራገቢያው ማብሪያ የሚነሣው በ95 ዲግሪ ነበር። ጤነኛ ክዳን ግፊቱን ይዞ ውሃው ከ110 ዲግሪ በፊት እንዳይፈላ ያደርጋል፤ የእኛው ክዳን ጎማው ስለ ተበላ ግፊቱ አመለጠ፤ ውሃውም 95 ሳይደርስ በ91 ፈልቶ አለቀ። ማራገቢያው ትእዛዙን ሲጠብቅ ቀረ ማለት ነው።

መካኒኩ ክዳኑን ለወጡ። ሽቦውንም በወፍራም ሽቦ ተክተው ፊውዝ አገቡለት፤ ብዙ ኤሌክትሪክ የሚስብ ዕቃ በቀጭን ሽቦ ቢሠራ እሳት ያስነሣልና። ማራገቢያው ነፋሱን ከፊት ወደ ሞተሩ መሳቡንም ወረቀት ራዲያተሩ ላይ አስጠግተው አሳዩን፤ ሽቦው ተገላብጦ ቢታሰር በተቃራኒው ይነፍሳልና።

የጓደኛችን ክንድ ድኗል፤ ጠባሳው ግን አለ። ከዚህ የምንማረው፣ ከሌላ አገር የመጣ ዕቃ ሁሉ በአገራችን ከፍታ መመዘን እንዳለበት ነው። ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፣ የፈላ ራዲያተር ሳይቀዘቅዝ ከቶ አትክፈቱ እንላለን።