ዜና ሰማዕታት ወአርበኞች ዘልደታ

በ1928 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ሚያዝያ 24 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከአዲስ አበባ ተነሥተው በባቡር ወደ ጅቡቲ ወረዱ። ከተማይቱም ጠባቂ አጥታ ሦስት ቀን በዘረፋና በእሳት ሰነበተች። በሦስተኛው ቀን፣ ማክሰኞ፣ በወር በገባ በመድኃኔ ዓለም ዕለት፣ የጣሊያኑ ማርሻል ባዶሊዮ በደሴ መንገድ መጥቶ ገባባት። ያ ቀን ሚያዝያ 27 ነበረ። አምስት ዓመት የኀዘን ቀን ሆኖ ተቈጠረ፤ ኋላም የአርበኞች የድል በዓል ተባለ። አንድ ቀን እንዴት ሁለት ፊት እንዳወጣ፣ ደግሞም እንዴት ከቦታው ተነቅሎ እንደ ተመለሰ፣ ከልደታ ሆኜ እጽፋለሁ።

ከቤተ መንግሥት ደጅ ያልጀመርሁበት ምክንያት አለኝ። የወደቁት ሰዎች ሐውልት በአራት ኪሎና በስድስት ኪሎ ቆሟል፤ ስማቸው ግን ሰው ሲታመም የሚጠራው በልደታ ነው። ባልቻ፣ ጥቁር አንበሳ፣ ጦር ኃይሎች እንላለን፤ ሦስቱም ሆስፒታል ናቸው። እናት ልጇን ታቅፋ ስትሮጥ የማንን ስም እንደምትጠራ አታስበውም።

አስቀድሜ የደጃዝማች ባልቻን ነገር ልጻፍ። ባልቻ ሳፎ፣ በፈረስ ስማቸው አባ ነፍሶ፣ ገና ልጅ ሳሉ ከጦር ሜዳ ተገኝተው በዳግማዊ ምኒልክ ቤት አደጉ። በዐድዋ መድፈኛ ሆነው ስማቸው ወጣ። ሐረርንና ሲዳሞን ገዙ። በ1920 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ቢጠሯቸው ብዙ ሺህ ጦር አስከትለው መጡና ንፋስ ስልክ ሰፈሩ። ራስ ተፈሪም ለግብር ጠሯቸው። ደጃዝማች በማዕድ ተቀምጠው ሳሉ ከበስተኋላቸው ሠራዊታቸው ገንዘብ እየተቀበለ ተበተነ። ከግብር ሲመለሱ የሚያዝዙት ሰው አልነበረም። ታሰሩ፣ ኋላም መነኰሱ። እንዲህ የተዋረደ ሽማግሌ ጠላት ሲመጣ ከገዳሙ ባይወጣ ማን ይፈርድበት ነበር? እሳቸው ግን ወጡ። ለዚያውም የሚዘምቱለት ዘውድ ያሰራቸው ሰው ዘውድ ነበረ። በ1929 ዓ.ም. መጀመሪያ በጉራጌ ምድር ከጣሊያን ጋር ተዋግተው ወደቁ። በልደታ የነበረ ግቢያቸው ከነጻነት በኋላ የሶቪየት ቀይ መስቀል ሆስፒታል ሆነ፤ እስከ ዛሬም ባልቻ ይባላል።

ጥቁር አንበሳ ደግሞ የማኅበር ስም ነው። ንጉሡ ከሄዱ በኋላ የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት መኰንኖችና በውጭ ሀገር የተማሩ ወጣቶች በወለጋ ተሰብስበው ማኅበር አቆሙ፤ ሊቀ መንበራቸው ዶክተር ዓለመ ወርቅ በየነ ነበሩ። ሕግ ጽፈው በሕግ የሚዋጉ ጦረኞች ነበሩ። ከልዑል ራስ እምሩ ጋር ሆነው በደቡብ ምዕራብ ሲመላለሱ በ1929 ዓ.ም. ታኅሣሥ አካባቢ በጎጀብ ወንዝ ተከበቡ፤ ልዑልነታቸውም ተማርከው ወደ ጣሊያን ሀገር ተጋዙ። ከማኅበሩ ሰዎች ብዙዎቹ ምሕረት አለ ተብለው እጃቸውን ሰጡ። የዚያ ምሕረት ዕድሜ ሁለት ወር ያህል ሆነ።

በ1929 ዓ.ም.፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ የካቲት 12 ቀን ዓርብ፣ በቅዱስ ሚካኤል ዕለት፣ እንደራሴው ግራዚያኒ የኔፕልስ ልዑል ተወለደ ብሎ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲው ባለበት በስድስት ኪሎ፣ ለድሆች ምጽዋት ሊሰጥ ተቀመጠ። ድሆችም በግቢው ሞልተው ነበር። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የተባሉ ሁለት የኤርትራ ተወላጆች የእጅ ቦምብ ወረወሩበት። ግራዚያኒ በፍንጣሪ ብዙ ቦታ ቈሰለ፤ የአየር ኃይሉ ጄኔራል ሊዮታ እግሩን አጣ። ወጣቶቹን በመኪና የረዳቸው ስምዖን አደፍርስ ኋላ ተይዞ በሥቃይ ሞተ።

ወታደሮቹም በግቢው ውስጥ በተሰበሰበው ሕዝብ ላይ መትረየስ ከፈቱ። ምጽዋት ሊቀበል የመጣው ዕውርና አንካሳ ሳንቲሙን እንደ ጨበጠ ወደቀ። በዚያው ዕለት የፋሺስት ፓርቲው አለቃ ጊዶ ኮርቴዜ ለጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ የሦስት ቀን ፈቃድ ሰጠ። ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት በጥይት፣ በአካፋ፣ በዱላ ገደሉ፤ ቤት ከነሰዉ በቤንዚን አነደዱ፤ የቅዱስ ጊዮርጊስን ካቴድራልም አቃጠሉ። የኢትዮጵያ መንግሥት ከጦርነቱ በኋላ ባቀረበው መዝገብ የሟቹን ቍጥር 30,000 አለ። ታሪክ ጸሐፊው ኢያን ካምቤል ከብዙ ዘመን በኋላ መርምሮ በአዲስ አበባ ብቻ ወደ 19,000 ያህል አደረሰው። የጥንት ጸሐፊ የሞተውን ሰው ቍጥር ለእግዚአብሔር ትቶ የወታደሩን ብዛት ይጽፍ ነበር፤ እኔ ግን ሁለቱንም ቍጥር አኖርሁ፤ ያነሰውም ቢሆን ከተማ ያህላል።

ከዚያ በኋላ የተማረ ሰው ሁሉ እየተለቀመ ተገደለ፤ እጃቸውን የሰጡት የጥቁር አንበሳ መኰንኖችም በዚያው ማዕበል ጠፉ። ከእልቂቱ አምስተኛ ቀን፣ የካቲት 17፣ በደቡብ ሲዋጉ የቆዩት ራስ ደስታ ዳምጠው ተይዘው ተረሸኑ። ሌሎቹ በሶማሊያ ወደ ዳናኔ፣ በቀይ ባሕር ወደ ኖኩራ፣ በጣሊያን ባሕር ወደ አዚናራ ተጋዙ። በግንቦትም ጄኔራል ማሌቲ ደብረ ሊባኖስን ከበበ፤ አብርሃና ሞገስ በዚያ አልፈዋልና መነኰሳቱ ያውቃሉ ተብሎ ነበር። የግንቦት ተክለ ሃይማኖትን ሊያነግሡ የተሰበሰቡትን መነኰሳት፣ ዲያቆናትና ምእመናን ጨረሰ። ግራዚያኒ ለሮም በላከው ቴሌግራም የጻፈው በመቶ የሚቈጠር ነበር፤ ካምቤል ግን ከ1,800 በላይ ይላል።

ወደ በዓሉ እንመለስ። በ1933 ዓ.ም. መጋቢት 28፣ በአማኑኤል ዕለት እሑድ፣ በእንግሊዞች የሚመራ የአፍሪካ ጦር አዲስ አበባን ተረከበ። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 በኦሜድላ ሰንደቅ ዓላማ ተክለው በጎጃም በኩል ደብረ ማርቆስ ደርሰው ነበር፤ እንግሊዞች ግን ጣሊያናውያንን ሕዝቡ ይበቀላቸዋል በማለት ቶሎ አላስገቧቸውም። በመጨረሻም በእንጦጦ በኩል ሚያዝያ 27 ቀን ሰኞ ገቡ። ባዶሊዮ የገባበት አምስተኛ ዓመት፣ ያው መድኃኔ ዓለም። በመንገዱ ግራና ቀኝ የራስ አበበ አረጋይ አርበኞች ጠጕራቸውን አጐፍረው ቆመው ነበር። ንጉሡም ክፉን በክፉ አትመልሱ ብለው ሕዝቡን መከሩ።

እንግዲህ ሁለት ቀን አለ። መጋቢት 28 ከተማይቱ ነጻ የወጣችበት ነው፤ ሚያዝያ 27 ንጉሡ የገቡበት። የንጉሡ መንግሥት ሁለተኛውን መረጠ፤ ለአራት ኪሎው አደባባይም ስሙን ሰጠ። ለየካቲት 12 ደግሞ በ1940ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ገደማ የዩጎዝላቪያ ቀራጮች አውጉስቲንቺችና ክርሺኒች በስድስት ኪሎ ሐውልት አቆሙ፤ የእልቂቱም ምስል በነሐስ ተቀርጾበታል።

በዓሉ ግን ገና ከጅምሩ ቍርሾ ነበረበት። ሹመት ሲታደል በዱር የኖረው አርበኛ፣ በባሕር ማዶ የኖረው ስደተኛ፣ በጠላት ጕያ የኖረው ውስጥ አርበኛ፣ ባንዳውም ሳይቀር ሁሉም እጁን ዘረጋ፤ አንዳንዱ ባንዳም ከአርበኛው በላይ ተቀመጠ። በጎጃም ጠላትን ያርበደበዱት ደጃዝማች በላይ ዘለቀ በንጉሡ መንግሥት ላይ ዐምፀዋል ተብለው በ1937 ዓ.ም. ጥር በአዲስ አበባ በስቅላት ሞቱ። ሚያዝያ 27 በየዓመቱ ሲከበር የበላይ ስም በአዝማሪ አፍ እንጂ በአደባባይ ንግግር ብዙ ዘመን አልተሰማም። ከዜና መዋዕል ጸሐፊ ይህን ማለት አይጠበቅም ነበር፤ የጥንቶቹ ለንጉሥ ያደሩ ነበሩና።

በዚህ ዘመን የልደታ ሌላ ስም ተወለደ። ጣሊያን ኢትዮጵያን ያዝሁ ባለ ጊዜ ከመንግሥታቱ ማኅበር አባሎች ብዙዎቹ አንድ በአንድ ሲቀበሉ ሜክሲኮ በፕሬዚዳንት ላሳሮ ካርዴናስ ዘመን እንቢ አለች። ንጉሡ በ1946 ዓ.ም. ወደ ሜክሲኮ ተጉዘው አመሰገኑ፤ አዲስ አበባም አደባባይ ሰየመችላት። በሜክሲኮ ከተማም የምድር ውስጥ ባቡሩ አንዱ ጣቢያ ኢትዮጵያ ይባላል፤ ምልክቱም የአንበሳ ራስ ነው። ታክሲ ረዳቱ ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ እያለ ሲጮኽ ሳያውቀው ውለታ ይመልሳል።

ደርግ በመጣ ጊዜ ሚያዝያ 27 የንጉሥ ቀን ነው ተብሎ ተነሣ፤ የድል ቀን ወደ መጋቢት 28 ተዛወረ። አንድ ቀልድ የመሰለ ነገር ግን አለ። ንጉሡ በልጃቸው በመስፍነ ሐረር በልዑል መኰንን ስም ያሠሩትን ትልቁን ሆስፒታል ደርግ ጥቁር አንበሳ አለው። የጥቁር አንበሶች ስም በየሰው አፍ የገባው የንጉሡን ቀን በነቀለው መንግሥት እጅ ነው። ንጉሥ ለልጁ፣ ደርግ ለወጣት መኰንኖች፤ እያንዳንዱ በዘመዱ ስም ሰየመ ብል ማን ይከሰኛል?

ከሆስፒታሉ ትይዩ፣ በቸርችል ጎዳና፣ በ1977 ዓ.ም. መስከረም ላይ ትግላችን የተባለው ሐውልት ተመረቀ። በ1969ና በ1970 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት ለወደቁት የኢትዮጵያና የኩባ ወታደሮች በሰሜን ኮሪያ ሰዎች እጅ የቆመ፣ 50 ሜትር ያህል የሚዘልቅ ዐምድ ነው፤ በጫፉ ኮከብ አለበት። የኩባውያኑም ፎቶግራፍ በዚያው ተሰልፏል። በዚያ ጦርነት የካራማራ ድል የተገኘው የካቲት 26 ነው፤ በዐድዋ ድል ማግስት ሊባል ጥቂት ቀረው። በታመመ ቀን ከጥቁር አንበሳ በር ወጥቼ ያንን ኮከብ ቀና ብዬ አይቻለሁ፤ ከእግሩ ሥር ግን ከጎብኚ ይልቅ ጥላ ፈላጊ ይበዛል።

ደርግ ከወደቀ በኋላ የድል ቀን ወደ ሚያዝያ 27 ተመለሰ፤ ዛሬም ሥራ ይዘጋበታል። የካቲት 12 ግን የሰማዕታት ቀን ቢባልም ቢሮ አይዘጋበትም፤ ጥዋት በስድስት ኪሎ የአበባ ጕንጕን ተቀምጦ፣ ሰዉ ወደ ሥራው ይገባል። በገዳይ ላይ ድል ለተቀዳጁት ዕረፍት ሲሰጥ፣ ምጽዋት ሲጠብቁ ለሞቱት አልተሰጠም። ለኔ ይህ አልተዋጠልኝም። በጦር ኃይሎች ሆስፒታል በቅርብ ዓመታት ጦርነት ስለ ቈሰሉት ደግሞ ሌላ ጸሐፊ ይምጣ፤ ቍስሉ ሳይደርቅ የተጻፈ ዜና ለማንም አይበጅም።

አሮጌው ልደታ ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ቆሞበታል፤ በላዩም የከተማው ባቡር ያልፋል። ሚያዝያ 27 ጥዋት ወደ አራት ኪሎ የሚያመሩ አረጋውያንና የልጅ ልጆቻቸው ካኪ ለብሰው፣ ጐፈር ደፍተው፣ ኒሻን ደርድረው ይታያሉ። ከባለ ኒሻኖቹ ያባቱን የያዘ እንጂ የራሱን ያገኘ አሁን ጥቂት ነው። ከጥንታዊ ኢትዮጵያ ጀግኖች አርበኞች ማኅበር ጋር ሲደርሱ ፉከራው ይጀመራል። ማታ ይመለሳሉ። በአራተኛው ቀን ግንቦት ልደታ ነው፤ የሰፈሩ ሴቶች ባቄላና ስንዴ ቀቅለው ከደጅ ይወጣሉ፣ ልጆችም እጃቸውን ይዘረጋሉ። ንፍሮ በቤት ውስጥ አይበላም፤ እመቤታችን ስትወለድ ሐናና ኢያቄም በሊባኖስ ተራራ ሜዳ ላይ ነበሩና። በ1929 ዓ.ም. ግንቦት 1፣ ከየካቲቱ እልቂት በኋላ ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ልደታ ማርያም እንደ ሌላው ዓመት ውላለች።