የጥቃቅኖቹ ቃላት ሸክም፦ የእንግሊዝኛ መስተዋድድ ታሪክ

መስተዋድድ በሰዋስው ትምህርት አንድ ስም ከሌላው የዓረፍተ ነገር ክፍል ጋር ያለውን የቦታ፣ የጊዜ፣ የመሣሪያ ወይም የምክንያት ዝምድና የሚያመለክት ቃል ሲሆን፣ የቅኔ ቤት ሊቃውንት በግእዝ «አገባብ» ብለው ዐቢይ፣ ንኡስና ደቂቅ በማለት ከፍለው ከሚያስተምሩት ሰፊ ክፍል ውስጥ ይመደባል። በአማርኛ «በ»፣ «ከ» እና «ለ» ከስሙ ጋር ተጣብቀው ሲጻፉ፣ በእንግሊዝኛ «ኢን»፣ «ኦን»፣ «አት»፣ «ባይ»፣ «ዊዝ»፣ «ኦቭ» እና መሰሎቻቸው ራሳቸውን ችለው ከስሙ በፊት ይቆማሉ። እንግሊዝኛን በትምህርት የያዘ ሰው የግሱን እርባታ ከተካነ፣ ቃላቱንም ካጠና በኋላ እንኳ በእነዚህ ቃላት መሳሳቱን የማይተወው የእያንዳንዳቸውን ስፍራ የወሰነው የብዙ ዘመን ልማድ በመሆኑና ልማዱም በአንድ ደንብ ተጠቅልሎ ሊሰጥ ባለመቻሉ ነው። የሚገርመው የእንግሊዝኛ ሰዋስው ጸሐፍት ይህን ችግር ለረጅም ጊዜ ችላ ብለው፣ ለተማሪው እምብዛም በማይጠቅም ሌላ ጥያቄ ላይ ሲከራከሩ መኖራቸው ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ከ5ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በብሪታንያ ደሴት የሰፈሩት አንግሎችና ሳክሶኖች ይናገሩት የነበረውና ዛሬ ጥንታዊ እንግሊዝኛ የሚባለው ቋንቋ የስምን ሙያ፣ ማለትም ስሙ ባለቤት፣ ተሳቢ፣ ዘርፍ ወይም ተቀባይ መሆኑን፣ በመድረሻ ቅጥያ ይለይ ነበር፤ አማርኛ «በሩን ከፈተ» ሲል «ን» የምትሠራውን ሥራ የመሰለ ነው። መስተዋድዶች በዚያን ጊዜም ነበሩ፤ ነገር ግን ሥራውን ከቅጥያው ጋር ይጋሩት ነበር። ከ«ኢን» ቀጥሎ የሚመጣው ስም የተሳቢ ቅጥያ ከያዘ ወደ ውስጥ መግባትን፣ የተቀባይ ቅጥያ ከያዘ ውስጥ መገኘትን ያመለክታል። በዌሴክስ መንግሥት ቀበልኛ ደግሞ «ኦን» ዛሬ «ኢን» የሚገባበትን አብዛኛውን ስፍራ ይዞ ስለነበር፣ የአንግሎ ሳክሶን ዜና መዋዕል ጸሐፊ «በብሪታንያ ውስጥ» ለማለት ሲፈልግ የሚጽፈው «ኦን»ን ነበር። የዛሬው ተማሪ እነዚህን ሁለት ቃላት ሲያቀያይር ስህተት ቢባልበትም፣ በዌሴክሱ ንጉሥ በአልፍሬድ ዘመን ቢሆን ኖሮ ብዙ ጊዜ ነቃፊ አይገኝለትም ነበር።

ይህን ሥርዓት ያፈረሰው አንድ ምክንያት ብቻ አይደለም። አጽንዖት የማያርፍባቸው የቃል መድረሻ አናባቢዎች እየደበዘዙ በመሄዳቸው ቅጥያዎቹ እርስ በርስ የማይለዩ ሆኑ፤ በ793 ሊንዲስፋርን ገዳምን በመዝረፍ ወረራ የጀመሩትና ከ865 ወዲህ በሰሜንና በምሥራቅ እንግሊዝ የሰፈሩት ስካንዲኔቪያውያንም ሥሩ የሚቀራረብ፣ መድረሻው ግን የተለየ ቋንቋ ይናገሩ ስለነበር፣ የሁለቱ ሕዝቦች መቀላቀል ቅጥያን መጣሉን እንዳፋጠነው ብዙ የቋንቋ ታሪክ ምሁራን ያምናሉ። በ1066 ኖርማኖች አገሪቱን ከያዙ በኋላ እንግሊዝኛ ከቤተ መንግሥትና ከፍርድ አደባባይ ሲገፋ፣ የቀድሞውን የአጻጻፍ ሥርዓት ጠብቆ የሚያቆይ የጸሐፍት ትምህርትም አብሮ ተዳከመ።

ለውጡ ቁልጭ ብሎ የሚታየው በፒተርቦሮ ገዳም ዜና መዋዕል ላይ ነው። ገዳሙ በ1116 ከተቃጠለ በኋላ መነኮሳቱ ከሌላ ስፍራ ያገኙትን የአንግሎ ሳክሶን ዜና መዋዕል ቅጂ በ1121 ገደማ ገለበጡ፤ ከዚያም የየዘመኑን ወሬ በራሳቸው እንግሊዝኛ እየጨመሩ እስከ 1154 ዘለቁ። የተገለበጠው ክፍል የጥንቱን ቅጥያ በአመዛኙ እንደያዘ ሲሆን፣ የተጨመረው ክፍል፣ በተለይም የመጨረሻው፣ ቅጥያውን ጥሎ የቃላትን ቅደም ተከተልና መስተዋድድን መመርኮዝ ጀምሯል። አንድ ጥራዝ በአንድ ገዳም ውስጥ ሁለት የቋንቋ ዘመን አስተናገደ ማለት ነው።

ቅጥያው ሲወድቅ ሸክሙን የተረከቡት መስተዋድዶች ናቸው። «ኦቭ» ቀድሞ መነሻን ወይም መለየትን ያመለክት የነበረ ሲሆን፣ ከፈረንሳይኛው «ደ» ጋር ባለው መመሳሰል እየተደገፈ የዘርፍን ሥራ ያዘ፤ «ቱ» የተቀባይን ወሰደ። «ጋር» ለማለት የሚያገለግለው «ሚድ» ጠፍቶ፣ ቀድሞ «ተቃራኒ» የሚል ፍች የነበረው «ዊዝ» ተተካበት፤ በእንግሊዝኛ ከጠላት ጋር መዋጋት እስከ ዛሬ በ«ዊዝ» መነገሩ የዚያ የጥንት ፍች ቅሪት ነው። ከፈረንሳይኛና ከላቲን እንደ «ዱሪንግ» እና «ኤክሴፕት» ያሉት ሲገቡ፣ የስካንዲኔቪያውያኑም ቋንቋ የበኩሉን አዋጣ። አጠቃቀማቸው ግን ቶሎ አልረጋም። በተገብሮ ግስ አድራጊውን የሚያመለክተው ቃል ዛሬ «ባይ» ቢሆንም፣ በ1611 በታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ፣ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ስለ ኢየሱስ መፈተን በሚናገረው ስፍራ፣ ከዲያብሎስ በፊት የተቀመጠው «ኦቭ» ነው። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስም በዚያው ስፍራ «በ»ን ትቶ «ከ»ን መምረጡ፣ የተገብሮ ግስን አድራጊ እንደ መነሻ የመቁጠር ዝንባሌ የእንግሊዝኛ ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል።

የሰዋስው ጸሐፍት የመጡት አጠቃቀሙ ገና ባልረጋበት በዚህ ጊዜ ነው። የመጀመሪያውን የእንግሊዝኛ ሰዋስው በ1586 ያሳተመው ዊልያም ቡሎካር የላቲንን መልክ ለእንግሊዝኛ አለበሰው። በ1653 ሰዋስውን በላቲን የጻፈው ጆን ዋሊስ፣ በሒሳብ ሊቅነቱ ይበልጥ የሚታወቀው፣ እንግሊዝኛ የላቲንን ሙያዎች እንደሌሉትና ሥራቸውን ከሞላ ጎደል መስተዋድዶች እንደሚሠሩ አስተዋለ። ይህ ማስተዋል ወራሽ ቢያገኝ ኖሮ የእንግሊዝኛ ትምህርት ታሪክ ሌላ መልክ በያዘ ነበር። ባለቅኔው ጆን ድራይደን ግን በ1672 ተውኔት ደራሲው ቤን ጆንሰን ዓረፍተ ነገርን በመስተዋድድ መጨረሱን ነቀፈና ክርክሩን ወደ ሌላ አቅጣጫ ወሰደው፤ በ1668 ያሳተመውንም የራሱን ድርሰት በ1684 እንደገና ሲያወጣ እንዲህ ያሉትን አጨራረሶች አረመ። ድራይደን የእንግሊዝኛውን ትክክለኛነት ሲጠራጠር ወደ ላቲን እየተረጎመ እንደሚፈትን ራሱ የጻፈ ሰው ነው፤ በላቲን ደግሞ መስተዋድድ በአብዛኛው ከስሙ ፊት ይቆማል።

በ1762 ሮበርት ሎውዝ፣ በኋላ የለንደን ጳጳስ የሆነው፣ መስተዋድድን ወደ ኋላ መጣል ለጭውውት የተስማማ መሆኑንና ለከበደ ጽሑፍ ግን ከፊት ማስቀደሙ እንደሚሻል በለዘብታ ሲጽፍ፣ ይህን ልማድ የገለጸበትን ሐረግ ራሱን በመስተዋድድ ጨረሰው። በዮርክ ለሚገኝ የሴቶች ትምህርት ቤት በተጻፈውና በ1795 በታተመው ሰዋስው የሎውዝን ሐሳብ የወሰደው ሊንድሊ መሬይ ያንኑ ሐረግ አቃንቶ አቀረበው። መጽሐፉ በእንግሊዝና በአሜሪካ እጅግ በመሰራጨቱ የሎውዝ ምክር የትምህርት ቤት ሕግ ሆነ፤ ሄንሪ ፋውለር በ1926 ባወጣው መዝገበ ቃላት ሕጉን መሠረተ ቢስ እምነት ብሎ እስኪነቅፈው ድረስም ብዙ ተማሪ ተቀጣበት።

የትኛው መስተዋድድ ለየትኛው ግስ ይስማማል የሚለውን ጥያቄ በቁም ነገር የያዙት ለባዕዳን የሚያስተምሩ ሰዎች ናቸው፤ የአገሬው ተወላጅ የማይጠይቀውን ተማሪዎቻቸው ይጠይቋቸው ነበርና። ሲ. ኬ. ኦግደን በ1930 ባቀረበው 850 ቃላት ያሉት «ቤዚክ እንግሊሽ» የተባለ ቀለል ያለ እንግሊዝኛ ግሶችን ወደ 18 አውርዶ የቀረውን ትርጉም ከመስተዋድድ ጋር በማጣመር ሊያስገልጽ ሞከረ፤ በዚህም የቃላቱን ቁጥር ቀንሶ ከባዱን ክፍል ለተማሪው ተወለት። በጃፓን ያስተማረው ኤ. ኤስ. ሆርንቢ ከባልደረቦቹ ጋር አዘጋጅቶ በ1942 በቶኪዮ ያሳተመው መዝገበ ቃላት ግን ግሶችን በ25 የአገባብ ስልት መድቦ የትኛው ግስ በመስተዋድድ፣ የትኛው ያለ መስተዋድድ እንደሚሄድ አሳየ። ኦክስፎርድ በ1948 እንደገና ያወጣው ይኸው ሥራ ነው።

በኢትዮጵያ ከ1941 ወዲህ እንግሊዝኛ ፈረንሳይኛ ከጣሊያን ወረራ በፊት ይዞት የነበረውን ስፍራ ተረክቦ የትምህርት መስጫ ቋንቋ ሲሆን፣ ችግሩ በየክፍሉ ገባ። በጥር፣ በሰኞ ቀን፣ በሦስት ሰዓት፣ በአውቶቡስ፣ በእርሳስ የሚሉትን አማርኛ ሁሉ በአንዷ «በ» ሲሸፍን፣ እንግሊዝኛ በቅደም ተከተል «ኢን»፣ «ኦን»፣ «አት»፣ «ባይ» እና «ዊዝ»ን ይጠይቃል። በተቃራኒው «ዲስከስ» የሚለው ግስ መስተዋድድ ሳያስከትል ተሳቢውን የሚወስድ ቢሆንም፣ ሰው በአማርኛ «ስለ ጉዳዩ» የሚወያይ በመሆኑ «ዲስከስ አባውት» ማለት የተማረውም ሰው የሚሠራው ስህተት ሆኖ ቆይቷል።

ወደ መዝገበ ቃላቱ ሥራ ስንመለስ፣ በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ጆን ሲንክሌር የመራው ኮቢልድ የተባለው ሥራ በ1987 መዝገበ ቃላቱን ሲያወጣ፣ ከመጻሕፍት፣ ከጋዜጦችና ከንግግር የተሰበሰቡ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቃላትን በኮምፒውተር መርምሮ ነበር። ሲንክሌር በ1991 ባሳተመው መጽሐፍ ከመቶ የእንግሊዝኛ ቃላት ሁለቱን ያህል የሚይዘውን «ኦቭ»ን ለብቻው መረመረና፣ ይህ ቃል እንደ ሌሎቹ መስተዋድዶች ቦታንና ጊዜን ማመልከቱን ትቶ በአመዛኙ ስምን ከስም ጋር የሚያያይዝ በመሆኑ፣ ከመስተዋድዶች ተለይቶ የራሱ ክፍል ሊሰጠው ይገባል የሚል ሐሳብ አቀረበ፤ የትምህርት ቤት ሰዋስው መጻሕፍት ግን እስካሁን ከመስተዋድዶች ጋር ይዘረዝሩታል።