ላም አለኝ በሰማይ፣ ዋንጫም አለኝ በዲሽ

ወረታ መንገድ የሚከፈልባት ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወጣ ሰው ያልፍባታል። ወደ ደብረ ታቦርና ወልድያ የሚሄደውም እዚያው ይታጠፋል። ፎገራ ሲባል በአብዛኞቻችን ሐሳብ የሚመጣው ላሙ፣ ሩዙና ሽንኩርቱ ነው። የኳስ ወሬ ሲነሣ ግን ጎንደር ይባላል፣ ባሕር ዳር ይባላል፣ ወረታን የሚጠራት የለም። ለመሆኑ በሁለቱ መሐል ያለው ሰው ዋንጫ የለውም እንዴ?

ነገሩን ለማየት በ2013 ዓ.ም. ፋሲል ከነማ ዋንጫ ወዳነሣበት ዘመን መመለስ ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ በአሁኑ መልኩ የተጀመረው በ1990 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ዋንጫው በአብዛኛው የተመላለሰው በአዲስ አበባ ክለቦች፣ ይልቁንም በቅዱስ ጊዮርጊስ እጅ ነው። ሐዋሳ በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. ወደ ደቡብ ወሰደው። ከዚያ በኋላ ክፍለ ሀገር ዋንጫ ለማየት እስከ 2010 ዓ.ም. መጠበቅ ነበረበት። በዚያ ዓመት ጅማ አባ ጅፋር፣ በተከታዩ ዓመት መቀሌ 70 እንደርታ አሸነፉ። ከአማራ ክልል የተነሣ ክለብ ግን እስከዚያ ድረስ ፕሪሚየር ሊጉን አሸንፎ አያውቅም።

ዐፄዎቹ የሚባለው ፋሲል ሊጉን የተቀላቀለው በ2009 ዓ.ም. ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ለዋንጫ ተፎካካሪ ሆነ። የ2011ዱን ውድድር በአሠልጣኝ ውበቱ አባተ እየተመራ ሲገሰግስ ቆይቶ በመጨረሻው ቀን ዋንጫው አመለጠው፣ መቀሌ ወሰደው። በ2012 ደግሞ ኮሮና መጣና ውድድሩ ያለ አሸናፊ ተሰረዘ። እንዲህ ያለውን ሁለት ዓመት ያሳለፈ ደጋፊ «ይሄ ቡድን ዕጣ ፈንታው አይደለም» ቢል ማን ይፈርድበታል?

2013 ሲገባ ነገሩ ጭራሽ ተወሳሰበ። በጥቅምት መጨረሻ በትግራይ ጦርነት ተጀመረ። መቀሌ 70 እንደርታ፣ ስሑል ሽረና ወልዋሎ አዲግራት ዩኒቨርሲቲ ከውድድሩ ውጪ ሆኑ፣ ሊጉም በ13 ክለቦች በታኅሣሥ ጀመረ። ያለፈው ሻምፒዮን በሌለበት ሻምፒዮን ፍለጋ ተገባ ማለት ነው። የዚያን ዓመት ደስታ ስናነሣ ይህንንም አብረን ማንሣት አለብን። የመቀሌ ልጅም ኳስ ይወድ ነበር፣ ያን ጊዜ ግን ኳስ የሚያይበት መብራትም ሰላምም አልነበረውም። ሦስቱ ክለቦች ወደ ሊጉ የተመለሱት በ2017 ዓ.ም. ነው።

በወረርሽኙ ምክንያት ደግሞ «የራስ ሜዳ» የሚባለው ነገር ቀረ። ክለቦቹ ሁሉ ተሰብስበው በአዲስ አበባ፣ ቀጥሎ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ እየተዘዋወሩ ተጫወቱ። ጎንደር በዝርዝሩ የለችም። በፋሲለደስ ስታዲየም ሕዝቡ ግጥም ብሎ ሲጮህ ጉልበት ያገኝ የነበረ ቡድን 24ቱንም ጨዋታ በሰው አገር ተጫወተ። ለጎንደር የቀረበው ከተማ ባሕር ዳር ነው፣ እሱም ወረታን አልፎ!

ያም ሆኖ አሸነፈ። አሠልጣኙ ሥዩም ከበደ ነበር። ከኋላ ማሊያዊው ግብ ጠባቂ ሚኬል ሳማኬና ያሬድ ባየህ፣ በመሐል ሱራፌል ዳኛቸው፣ በክንፍ ሽመክት ጉግሳ፣ ከፊት ሙጂብ ቃሲም። የዓመቱ ኮከብ ግብ አግቢ የፋሲል ተጫዋች እንዳልነበረ ልብ በሉ። 29 ጎል አግብቶ ክብረ ወሰን የሰበረው የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር ነው፤ ቡና ግን ሁለተኛ ሆነ። የፋሲል ዋንጫ በአንድ ሰው እግር የመጣ አልነበረም።

አሁን ወደ ወረታ እንመለስ። በዚያው ዓመት ሊጉ ለመጀመሪያ ጊዜ በዲኤስቲቪ መተላለፍ ጀምሮ ነበር። ዲኤስቲቪ ቤት ለአገራችን ትንንሽ ከተሞች አዲስ ነገር አይደለም። ወጣቱ ለዓመታት ሳንቲሙን እየከፈለ አርሴናልንና ማንቸስተርን ሲያይበት ኖሯል። በ2013 ግን በዚያው ስክሪን የሚያውቀው ስም፣ በሚያውቀው ቋንቋ፣ ያውም ከመሪዎቹ ተርታ ብቅ አለ። የጊዜው መገጣጠም ደግሞ ይገርማል። በፎገራ ሩዝ የሚታጨደው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፣ ሊጉ የጀመረው ገበሬው እህሉን ሰብስቦ ትንሽ ገንዘብ በሚይዝበት ሰሞን ነው። በበጋ ከርብና ከጉማራ ወንዝ ውሃ ተስቦ ሽንኩርቱ ሲለማ ውድድሩ ቀጠለ። ግንቦት ላይ ማሳው ለክረምቱ ሲታረስ ዋንጫው ተነሣ። እንዲያው የውድድሩን ፕሮግራም የፎገራ ገበሬ ያወጣው ነው የሚመስለው!

የጎንደር ሰው ስታዲየሙን ሲነጠቅ ከወረታው ሰው ጋር እኩል ሆነ። ሁለቱም በዲሽ ነው ያዩት። ሜዳ ያልነበረው ቡድን አገሩ ከአንድ ከተማ በላይ መሆኑ የታወቀው ያኔ ነው።

ታዲያ የቡድኑ ባለቤት ማነው? «ከነማ» የሚለውን ቃል በየቀኑ እንጠራዋለን እንጂ ትርጉሙን ብዙዎቻችን ረስተነዋል። «የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር» ለማለት ነው። በደርግ ጊዜ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ከተወረሰበት ከ1967ቱ አዋጅ ጋር የተወለደ ስም ነው። ማኅበሩ ከቀረ ቆይቷል፣ ስሙ በመድኃኒት ቤትና በኳስ ቡድን ላይ ቀረ። ዛሬ ከነማ የምንላቸው ክለቦች በአብዛኛው የሚኖሩት ከመንግሥት ካዝና በሚወጣ በጀት ነው። ነዋሪው ያጨበጭባል፣ መለያ ይገዛል፣ ሲሸነፍ ራት አይበላም። ተጫዋች ሲገዛ ሲሸጥ ግን የሚጠይቀው የለም። የፎገራው ደጋፊማ ጭራሽ የከተማው ነዋሪም አይደለም።

በዓለም ላይ ሌላ መንገድ የያዙ አሉ። አሜሪካኖች በእጃቸው ይዘው እየሮጡ «እግር ኳስ» የሚሉት ጨዋታ አላቸው። በዚያ የትልልቅ ከበርቴዎች ሊግ ውስጥ ግሪን ቤይ የምትባል፣ መቶ ሺ ገደማ ሕዝብ ያላት ከተማ ቡድን አላት፣ ፓከርስ ይባላል። ስሙን ያገኘው ሥጋ ከሚያሽግ ድርጅት ነው። ከ1923 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሕዝብ ንብረት ነው። ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ባለ አክሲዮኖች አሉት፣ ትርፍ የሚከፈለው ግን አንድም የለም። በየካቲት 2011 እ.ኤ.አ. የአገሪቱን ትልቁን ዋንጫ ሲያነሣ አክሲዮኑን በግድግዳው ላይ የሰቀለ ገበሬ «ዋንጫዬ» ቢል እውነቱን ነው።

የኛ ዋንጫ ግን ሥሩ ስስ ነው። የ2010ሩ ሻምፒዮን ጅማ አባ ጅፋር በአራት ዓመቱ ከሊጉ ወረደ። ፋሲል እንኳ እዚያ አልደረሰም። በ2014 መባቻ በአፍሪካ ሻምፒዮኖች ሊግ ከሱዳኑ አል ሂላል ጋር በባሕር ዳር 2 ለ 2፣ በኦምዱርማን 1 ለ 1 ተለያይቶ ከሜዳ ውጪ በተቆጠረ ጎል ወደቀ። በዚያው ዓመት በሊጉ ሁለተኛ ሆነ። በ2015 ደግሞ ሁለተኛነቱ የባሕር ዳር ከነማ ሆነ፣ የፋሲሉ ያሬድ ባየህም ያን ጊዜ የባሕር ዳርን መለያ ለብሶ ነበር። ወረታ በመሐል ሆና ግራ ቀኝ ብታይ ማን ይፈርድባታል!

ደስታውም ዕድሜው አጭር ነበር። ዋንጫው በተነሣ በሦስት ወሩ፣ በነሐሴ 2013 ጦርነቱ ወደ ደቡብ ጎንደር ገብቶ ነፋስ መውጫ ደረሰ። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር የሚታጠፈው መንገድ ተፈናቃይ የሚመጣበት ሆነ። ከ2015 ክረምት ጀምሮ ደግሞ በክልሉ በተነሣው የትጥቅ ግጭት ያ የጎንደርና የባሕር ዳር መንገድ ሲዘጋ ሲከፈት ከረመ። የኳስ ደጋፊ ቀርቶ በሽተኛም የተቸገረበት ጊዜ መጣ።

ለዚህ ነው ያ ዓመት መታወስ ያለበት። ፎገሬዎች «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለውን ተረት ከማንም በላይ ያውቁታል፣ ላምን የሚያውቅ ሰው የማትታለብን ላም አይቆጥራትም። ሩዝም ወደ ሜዳው የመጣው በ1970ዎቹ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በኩል ነው። የፎገራ ገበሬ ግን ውሃ የሚተኛበትን ማሳ ሰጥቶ፣ ከጤፍ ቀላቅሎ እንጀራ አድርጎ የራሱ አደረገው። የኛ የሚሆነው እጃችን የነካው ነገር ነው። ለፋሲልም፣ ለባሕር ዳርም ቢሆን የወረታው ልጅ በአባልነት የሚመዘገብበት፣ የሚመርጥበት፣ ሩዙ ከታጨደ በኋላ ከሚጫወትበት ማሳ ላይ አሠልጣኝ መጥቶ የሚያየው ጊዜ ካልመጣ ዋንጫው በዲሽ ላይ ታይቶ የሚያልፍ ላም ሆኖ ይቀራል። በ2013 ሕዝቡ ስታዲየም ሳይኖረው ደጋፊ መሆን እንደሚችል አሳይቷል። ባለቤት ለመሆንማ ምን ያንሰዋል?