የውጅግራዋ ቀለህ

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንዲት ባዶ ቀለህ ነው።

ይጁቤ፣ አያቴ ቤት፣ ምሰሶው ላይ በጠፍር ታስራ ተንጠልጥላ ነበር። (ይጁቤን ለማታውቋት፦ የባሶ ሊበን ወረዳ ከተማ ናት፤ ከደብረ ማርቆስ ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ የምትገኝ።) አውራ ጣት የምታህል፣ ናሷ የጠቆረ ቀለህ። ልጅ ሆኜ አውርጄ አፉዋጭባት ነበር። አያቴ ሲያዩኝ «ተው! እሷ መጫወቻ አይደለችም» ይሉኛል። ምን እንደሆነች ግን አይነግሩኝም። የገባኝ አድጌ የታሪክ መጻሕፍት ማገላበጥ ስጀምር ነው።

እስቲ ከስሟ እንጀምር። የውጅግራ ቀለህ ናት። «ውጅግራ» የፈረንሳይኛው «ፉዚ ግራ» በእኛ አፍ ተገርቶ ነው፤ የግራ ጠመንጃ ለማለት። ይሄ ግራ ደግሞ የቀኝ ተቃራኒ አይደለም፤ ጠመንጃውን ያበጀው ፈረንሳዊ መኮንን ባዚል ግራ ነው። የፈረንሳይ ጦር ጠመንጃውን የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1874 ነበር። ጥይቷ 11 ሚሊ ሜትር ስፋትና 25 ግራም ክብደት ያለው እርሳስ ትወረውራለች። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1912 ለትልልቅ አውሬ አደን ያወጧት ዝነኛዋ ባለ 375 ማግነም እንኳ በተለምዶ የምትወረውረው 19 ግራም ገደማ ነው። ፍጥነቷ ግን ከውጅግራ በእጅጉ ይበልጣል፤ ጉልበቷም ከዚያ የመጣ ነው። የእኛ ዝሆን አዳኞች ግን ማግነም እስኪመጣ አልጠበቁም። ውጅግራቸውን ይዘው ቆላ ወረዱ።

ይህ ሁሉ ጠመንጃ እንዴት ወደ እኛ መጣ? ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1886 ጭስ አልባ ባሩድ የምትጠቀመውን ባለ 8 ሚሊ ሜትሯን ለበል ሲያወጡ ውጅግራ አረጀችባቸው። ለእነሱ አሮጌ፣ ለነጋዴ ሲሳይ! በኦቦክና በጅቡቲ በኩል በግመል እየተጫነች ወደ አገር ቤት ጎረፈች። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ፣ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የጎጃምን ጦር ይዘው በተሰለፉበት ጦርነት፣ ብዙው ወታደር በእጁ የያዘው ይህቺንና መሰሎቿን ነበር።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ስለ ጠመንጃው ብዙ ተዘፍኗል፣ ብዙ ተፎክሯል። ስለ ጥይቱስ? ጠመንጃ አንዴ ከተገዛ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ጥይት ግን በተተኮሰ ቁጥር ይጎድላል፤ ምንጩ ደግሞ ባሕር ማዶ ነው። ስለዚህ ጥይት ከገንዘብ እኩል ተቆጠረ። ይህን ስል ለአነጋገር ያህል አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያና በ20ኛው መጀመሪያ ገበያ ላይ ማርያ ትሬዛ ብር ለትልቁ ግዢ ሲሆን፣ ለትንሹ ግዢና ለመልስ አሞሌ ጨው አለ፤ ከአሞሌው ጎን ደግሞ የውጅግራ ጥይት። እስቲ አስቡት፤ ዝናርህ ኪስህ ነው። ስትተኩስ ገንዘብህን ነው የምትተኩሰው!

ታዲያ ባዶዋን ቀለህ ማን ይጥላል? ተለቅማ ትመጣለች። የተመታው መቀጣጠያዋ ይነቀላል። ከከሰል፣ ከድኝና ከአፈር ከሚጣራ ጨው የተወቀጠ የአገር ባሩድ ይሞላባታል። በቅርጽ የፈሰሰ እርሳስ አፏ ላይ ይተከልና ተመልሳ ዝናር ትገባለች። ውጅግራ ለዚህ የተመቸች ነበረች። ጥቁር ባሩድ ግፊቱ ለዘብ ያለ ስለሆነ ወፍራሙ ናስ ደጋግሞ ይችለዋል። ዕዳም አለባት። በእጅ የተሞላች ጥይት ርቀቷ ያጥራል፣ አንዳንዴም ትከሽፋለች። ስትተኮስ ደግሞ ጭሷ ተኳሹ የት እንዳለ ያሳብቅበታል።

በጣሊያን ጊዜ ይህ ዕዳ በሕይወት ተከፈለ። በ1927 ዓ.ም. ማብቂያ፣ ጦርነቱ ሲቃረብ፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም አሉ። «ለሁለቱም» ሲባል ፍትሕ ይመስላል። ጣሊያን ግን የራሷ ፋብሪካ አላት፤ የተዘጋብን እኛ ነን። ከዚያ በኋላ በነበሩት አምስት ዓመታት የጎጃም አርበኛ ዋና ጥይት አቅራቢው ራሱ ጠላት ሆነ። እሱም ቢሆን ችግር አለው። ከጣሊያን የተማረከ ባለ 6.5 ሚሊ ሜትር ጥይት 11 ሚሊ ሜትር የውጅግራ አፈሙዝ ውስጥ ምን ይሠራል? ጠመንጃውም አብሮ ካልተማረከ ጥይቱ ብረት ብቻ ነው። ማራኪ ያልቀናው ሰው የሚቀረው ያችው ባዶ ቀለሁ ናት። ንጉሠ ነገሥቱ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ እስኪገቡ ድረስ ስንቱ ዝናሩን እየቆጠረ አደረ!

አንድ ቀን አያቴን ፊት ለፊት ጠየቅኋቸው። «በእናንተ ጊዜ ጠመንጃ ብርቅ ነበር?» ሳቁብኝ። «ጠመንጃማ ነበረ፤ ብርቁ ጥይት ነው። አምስት ያለው ሰው ሳያስብ አይተኩስም» አሉኝ።

የድሮው ሁሉ ደግ ነበር ልላችሁ አይደለም። ያቺው የምትቆጠር ጥይት በወሰንና በደም መመለስ ስንት ቤት ዘግታለች። ግን የአያቴ ቃል አልለቀቀኝም። ዛሬ ክላሽ በደቂቃ 600 ጥይት በሚተፋበት ፍጥነት የእሳቸው አምስት ጥይት በግማሽ ሰከንድ ያልቃል። ለማሰቢያ የሚሆን ጊዜ የለም። የዛሬውንም ቀለህ መልሶ ሊሞላው የሚለቅመው የለም።

አያቴ ካረፉ በኋላ ቀለሁን ለእኔ ሰጡኝ። አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ናት። አላፉዋጭባትም።

ቸር እንሰንብት።