ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፦ የድምፅ ዕቃ ዳኞችና ቃላቸው

ለመሆኑ አንድ ራዲዮ፣ አንድ ቴፕ ወይም አንድ የጆሮ ማዳመጫ «ጥሩ ነው» ብሎ የሚመሰክር ሰው ቃሉ የሚታመነው በምን ዋስትና ነው? ከአዲግራት ወደ ማይጨው የሚወርደው አውራ ጎዳና ወደ መቀሌ በሚታጠፍባት በቁሓ፣ ከመንገድ ዳር የስልክ ዕቃ መሸጫዎች ወደ አንዱ ጎራ ያለ ወጣት ቢያንስ ሦስት ዳኞች ይጠብቁታል። ባለሱቁ «ቤዙ ልዩ ነው» ይለዋል። አብሮት የመጣው ጓደኛው «ኦሪጅናል አይደለም፣ ተወው» ይለዋል። ሦስተኛው ዳኛ በስልኩ ውስጥ ያለ ሰው ነው፤ ባሕር ማዶ ተቀምጦ፣ ካርቶኑን በካሜራ ፊት ከፍቶ፣ በጥቂት ደቂቃ አወድሶ የሚዘጋ። የወጣቱ ኪስ ግን አንድ ነው። በሳምንቱ የማዳመጫው አንዱ ወገን ጸጥ ቢል ከሦስቱ ዋጋውን የሚመልስለት አይገኝም።

ነገሩ ከማዳመጫው የረዘመ ዕድሜ አለው። በዚህ አገር ጆሮ ለዳኝነት መጠራት የጀመረው ከኤሌክትሪክ በፊት ነው። የኦስትሪያዋ ማርያ ቴሬዛ በ1780 እ.ኤ.አ. ሞታ ሳለ መልኳ የተቀረጸበት ጠገራ ብር ያንኑ ዓመት እየተጻፈበት ሲመታ ኖሮ፣ እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ገበያችንን ይዞ ነበር። ክብደቱ 28 ግራም ያህል፣ ከመቶው 83 እጅ የጠራ ብር። ከአፋር በረሃ በግመል የወጣውን ጨው የሚሸጥ ነጋዴ ጠገራውን ሲቀበል በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉትን ፈርጦች ይቆጥራል፤ ከዚያም ድንጋይ ላይ ጣል አድርጎ ያዳምጠዋል። ደህናው ብር ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ እርሳስ የገባበት ደግሞ የታፈነ ድምፅ ያወጣል። ይህን ሰው ባለሙያ ብሎ የሾመው የለም። ጆሮው የሚታመነው ቢሳሳት የሚከስረው ራሱ ስለሆነ ነው። ደግሞም በሕይወቱ ስንት ሺሕ ደህና ጠገራ ሲጮኽ ሰምቷልና የሐሰቱን ከምን ጋር እንደሚያስተያየው ያውቃል።

ይህ ሁለተኛው ነጥብ ቀላል አይደለም። የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በነሐሴ 1890 ዓ.ም. ለዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ ሰላምታዋን በፎኖግራፍ ሰም ላይ ቀርጻ በመልእክተኛዋ በሃሪንግተን እጅ ላከች፤ ከተሰማም በኋላ ሰሙ እንዲጠፋ አዘዘች። ምኒልክ ደጋግመው አዳመጡት፣ ለክብሩም መድፍ ተተኮሰ። ንጉሡና እቴጌይቱ በአጸፋው የቀረጹት የራሳቸው ድምፅ እስከ ዛሬ አለ። እንግዲህ በግቢው ከነበሩት መኳንንት መካከል የንግሥቲቱን ድምፅ በአካል ሰምቶ «አዎን፣ ማሽኑ እርሷን ራሷን መስሎ ተናግሯል» ለማለት የሚችል ስንት ሰው ነበር? ማሽኑ ደህና ይሥራ ክፉ ይሥራ፣ ምስክሩ ያው ማሽኑን ይዞ የመጣው እንግዳ ነበር።

የማሽኑ አባት ቶማስ ኤዲሰን ይህንን ክፍተት አሳምሮ ያውቅ ነበር። ኤዲሰን ከልጅነቱ ጀምሮ ጆሮው የደከመ ሰው ነው፤ ሙዚቃ ሲያዳምጥ የማጫወቻውን እንጨት በጥርሱ ነክሶ ንዝረቱን በአጥንቱ ይሰማ ነበር። ያም ሆኖ ኩባንያው የሚያሳትማቸውን ዘፋኞች የሚመርጠው እርሱ ራሱ ነበር! ከ1915 እስከ 1925 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት ኩባንያው በአሜሪካ ከተሞች እየዞረ በሺሕ የሚቆጠሩ ትርኢቶች አሳየ። ዘፋኟ ከሸክላ ማጫወቻው አጠገብ ቆማ ትዘፍናለች፤ መብራቱ ይጠፋል፤ ዘፈኑ ይቀጥላል። መብራቱ ሲበራ ዘፋኟ ከመድረክ የለችም፤ ሲዘፍን የቆየው ማሽኑ ኖሯል። በ1916 በኒውዮርኩ ካርኔጊ አዳራሽ ሳይቀር ሕዝብ ተሰብስቦ አጨበጨበ። ጋዜጦች ልዩነቱን መለየት እንዳልተቻለ ጻፉ። ከዘፋኞቹ አንዷ አና ኬዝ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በስተርጅናዋ፣ ምስጢሩን አወጣችው። ድምፅዋን ከማሽኑ ጋር እንዲመሳሰል አድርጋ ትዘፍን ነበር። ማሽኑ ሰውን ሲመስል ሳይሆን ሰው ማሽኑን ሲመስል የተደረገ ፈተና ነበር ማለት ነው። ጨለማው ብቻውን ፈተናውን ሐቀኛ አላደረገውም፤ ጨለማውን ያዘጋጀው ሻጩ ነበርና።

ሻጭ ያልሆነ ዳኛ የሚባለው ሰው ከዚያ በኋላ በመጽሔት ተከሠተ። በ1923 እ.ኤ.አ. የስኮትላንድ ፍቅር የነበረው ደራሲ ኮምፕተን ማኬንዚ «ግራሞፎን» የተባለውን መጽሔት በእንግሊዝ አገር አቋቋመ። በአሜሪካም እነ «ሃይ ፊዴሊቲ» ተከተሉ። ችግሩ እነዚህ መጽሔቶች የሚታተሙት በማን ገንዘብ ነው የሚለው ላይ ነበር። አንድ ገጽ ላይ ድምፅ ማጉያው ይገመገማል፣ ገጹ ሲገለጥ የዚያው ድምፅ ማጉያ ማስታወቂያ ይታያል። ጎርደን ሆልት የተባለ ጸሐፊ ይህ ሥራው ላይ ጫና ቢፈጥርበት ከ«ሃይ ፊዴሊቲ» ወጥቶ በ1962 «ስቴሪዮፋይል»ን ጀመረ፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከአምራቾች ማስታወቂያ አይቀበልም ነበር። ስለ ሆልት በኋላ እመለስበታለሁ፤ መጨረሻው ከጅምሩ የበለጠ ትምህርት አለው።

ከሁሉ የሚገርመው ግን የቦዝ ኩባንያ ክርክር ነው። ዛሬ ጩኸት በሚያጠፉ ማዳመጫዎቹ የሚታወቀው ቦዝ በ1968 «901» የሚባል ድምፅ ማጉያ አወጣ፤ ከዘጠኙ ስፒከሮቹ ስምንቱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩ ናቸው። «ኮንሲዩመር ሪፖርትስ» የተባለው መጽሔት፣ ዕቃውን እንደማንኛውም ሸማች ከሱቅ ገዝቶ የሚፈትንና ማስታወቂያ የማይቀበል፣ በግንቦት 1970 ባወጣው ግምገማ የመሣሪያዎቹ ድምፅ በክፍሉ ውስጥ ወዲያና ወዲህ የሚቅበዘበዝ ይመስላል ብሎ ጻፈ። ቦዝ ከሰሰ። በፍርድ ቤት ዕቃውን የፈተነው መሐንዲስ ቀርቦ ሲጠየቅ ድምፁ የተንቀሳቀሰው በሁለቱ ድምፅ ማጉያዎች መካከል በግድግዳው በኩል መሆኑን ተናገረ። የተጻፈው ግን «በክፍሉ ውስጥ» ነው። «በክፍሉ ውስጥ» እና «በግድግዳው በኩል»! በእነዚህ ሁለት አባባሎች ልዩነት ላይ የአገሪቱ ጠበቆች ከአሥር ዓመት በላይ ተከራከሩ። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ለቦዝ ፈረደ። በ1984 ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ስድስት ለሦስት በሆነ ድምፅ መጽሔቱ ረታ፤ ቃሉ ትክክል ባይሆንም እያወቀ የዋሸ ለመሆኑ ማስረጃ የለም ተባለ። ከዚህ ውስጥ የእኔን ትኩረት የሚስበው ፍርዱ አይደለም። ከሱቅ ገዝቶ፣ ከማንም ሳይከፈለው የሚፈትን ዳኛም የሰማውን ወደ ቃል ሲያወርድ ሊሳሳት መቻሉ ነው። ድምፅ በቃል ለመያዝ እንደ ጢስ ያስቸግራል።

ያ ክርክር በዋሽንግተን ሲያበቃ እዚህ፣ በደርግ ጦር በተያዘው በመቀሌና በቁሓ፣ የራዲዮ ጥሩነት ሌላ መለኪያ ነበረው። ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ የሻዕቢያው ድምፂ ሓፋሽ፣ ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ድምፂ ወያነ ትግራይ በአጭር ሞገድ ይሰራጩ ነበር። እነዚህን ሲያዳምጡ መያዝ ያሳስራል። ስለዚህ የሙዚቃ ጣዕም ቦታ አልነበረውም። ሰው የሚፈልገው ሆን ተብሎ የሚለቀቀውን ጩኸት አልፎ ጣቢያውን የሚይዝ፣ ድምፁ እስከ መጨረሻው ዝቅ ተደርጎም ቃሉ የሚለይ፣ ባትሪ የማይበላ ራዲዮ ነው። ከትራንዚስተሩ ጋር የምትመጣዋ የአንድ ጆሮ ማዳመጫ ከራዲዮው ባልተናነሰ ትፈለግ ነበር። እንግዲህ ልብ ይበሉ፤ በዚያ ወቅት «ይህች ራዲዮ ሌሊት አሪፍ ትይዛለች» ብሎ ለጎረቤቱ የሚናገር ሰው በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ተናገረ። አንዱ ስለ ራዲዮዋ ነው፣ ሌላው ሌሊት ምን እንደሚያዳምጥ ነው። ዕቃ ማወደስ ኑዛዜ ሆነ። በዚህ ዓይነት ዋጋ የተነገረ ግምገማ ከየትኛውም መጽሔት ላይ አይገኝም። ደርግ መቀሌን ለቆ የወጣው በየካቲት 1981 ዓ.ም. ነው።

ከዚያ በኋላ የዕቃው ዘመን መጣ። ከጅዳና ከሌሎች የዓረብ ከተሞች የተመለሱ እህቶቻችን የሚያመጧቸው ባለ ሁለት ካሴት ቴፖች በየሳሎኑ በዳንቴል ተሸፍነው ተቀመጡ። በብዙዎቹ ፊት ላይ «ፒ.ኤም.ፒ.ኦ.» ከሚሉ ፊደላት ጋር የሺሕ ዋት ቁጥር ተለጥፎ ነበር። ይህ ቁጥር ከካርቶኑ በቀር ምንም አይለካም። ዕቃው ለቅጽበት ሊያወጣ ይችላል የተባለ ኃይል ነው፤ እንዴት እንደሚለካ የተስማማ ደረጃ የለም። አሜሪካኖች እንዲህ ያለውን የዋት ጨዋታ ለመግታት በ1974 እ.ኤ.አ. ደንብ አውጥተው ነበር። ወደ እኛ የሚጫነውን ግን የከለከለው አልነበረም፣ እኛም ቁጥሩን እያነበብን ተከራከርን። ዛሬም አስፋልቱ ዳር በሚሸጡት ስፒከሮች ላይ ያው ቁጥር አለ።

ዐይን ጆሮን ምን ያህል እንደሚያሳስት በደንብ የታየው በ1994 ነው። ፍሎይድ ቱልና ሾን ኦሊቭ የተባሉ ተመራማሪዎች የሃርማን ኩባንያ ሠራተኞች የሆኑ አርባ አድማጮችን ሰብስበው አራት ድምፅ ማጉያዎችን መጀመሪያ በመጋረጃ ጋርደው፣ ከዚያም ገልጠው አሰሟቸው። ሲጋረድ ጥሩ ነጥብ ያገኘው ትንሹና ርካሹ ዕቃ፣ ሲገለጥ ወረደ፤ ግዙፎቹና ባለግርማዎቹ ወጡ። ድምፁ አልተለወጠም፣ የተለወጠው ማየታቸው ብቻ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚለውን ተረት አባቶቻችን የተናገሩት ለሌላ ነገር ነው፣ እዚህ ግን ቃል በቃል ይሠራል። አንድ ሌላ ወጥመድም አለ፤ ከሁለት እኩያ ዕቃዎች አንዱ በጥቂቱ ከፍ ብሎ ቢጮኽ አድማጩ «ጮኸ» አይልም፣ «ጠራ» ይላል። ባለሱቅ የሚያወዳድርልዎትን ማዳመጫ ሲሰኩ ድምፁን ማን ከፍ እንዳደረገው ይመልከቱ።

የጆሮ ማዳመጫን ጋርዶ መፈተን ደግሞ ከድምፅ ማጉያ ይከብዳል፤ መጋረጃ ቢጋረድም ክብደቱ ራስ ላይ፣ ልስላሴው ጆሮ ላይ ይታወቃል። ኦሊቭና ባልደረቦቹ ለዚህ ያገኙት ዘዴ አንድ ማዳመጫ ብቻ አስለብሰው የሌሎቹን ድምፅ በኮምፒዩተር በእርሱ ላይ ማስመሰል ነበር። በ2017 ደግሞ የሩን ብሬባርት የተባለ ተመራማሪ የሁለት መቶ ምናምን ማዳመጫዎችን የድምፅ መጠን በየቃናው ለክቶ ከዋጋቸው ጋር ቢያስተያይ ምንም ዝምድና አላገኘባቸውም። ውድ ማዳመጫ ለጥንካሬው ወይም ለምቾቱ ውድ ሊሆን ይችላል፤ ለድምፁ ነው የሚል ገምጋሚ ግን ማስረጃውን ያምጣ።

ሆልትስ? ማስታወቂያ አልቀበልም ብሎ የተነሣው ሰው ያቋቋመው መጽሔት ከጊዜ በኋላ በማስታወቂያ የሚተዳደር ሆነ፣ ገምጋሚዎቹም የኬብልን «ጣዕም» የሚተርኩ ሆኑ። በ2007፣ ከመሞቱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ሽማግሌው በራሱ መጽሔት ላይ ቃል ሰጠ። ሙያው እየሞተ ያለው በገዛ እጁ ነው፣ ጋርዶ መፈተንን አሻፈረኝ ስላለ ነው አለ። ያተሙለት እነዚያው ሰዎች መሆናቸው ለእነርሱም ክብር ነው።

ቁሓ ላይ ማዳመጫ ለሌላ ጥቅም የተፈለገበትም ጊዜ ነበር። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ስልክና ኢንተርኔት በተቋረጠበት ወራት ራዲዮ እንደገና የቤት ዋና ሆነ። ብዙዎቹ ተራ ስልኮች የኤፍ ኤም ራዲዮ አላቸው፤ አንቴናቸው ግን የማዳመጫው ሽቦ ነው። ማዳመጫው ካልተሰካ ጣቢያ የለም። ስለዚህ የድምፁ ጥራት ተረስቶ ሽቦው የማይበጠሰው፣ ሶኬቱ የማይላላው ነው ጥሩ የተባለው። ሽቦ አልባው፣ በየስልኩ የሚወደሰው፣ ለዚህ አገልግሎት ከንቱ ነበር።

እኔ በበኩሌ ምክር የምጠይቀው ጠጋኞችን ነው። ጠጋኝ ዕቃውን አይሸጥም፣ ካርቶኑን አላየም፣ ለማወደስም የሚከፍለው የለም። እርግጥ እርሱም የራሱ ሚዛን አለው፤ የሚያየው የተበላሸውን ብቻ ስለሆነ ደህናው በየቤቱ ሲዘፍን አይሰማም። የትኛው ዓይነት በብዛት ተሽጦ፣ የትኛው በብዛት ተበላሽቶ እንደመጣ ለይቶ መጠየቅ የጠያቂው ፈንታ ነው። ግን ሽቦውን ሲፈታ የመዳቡን ቅጥነት፣ የሙጫውን ስስነት ያያል። ከጠረጴዛው ሥር ባለው ካርቶን ውስጥ የተጣሉትን ማዳመጫዎች አንስተው ቢያዩ አብዛኞቹ የተበጠሱት ከአንድ ቦታ ነው፤ ሽቦው ከሶኬቱ ጋር ከሚገናኝበት አንገት ላይ። በካሜራ ፊት ካርቶን ከሚከፍቱት ውስጥ ያንን ቦታ ጎንበስ ጎንበስ አድርጎ የሚያሳይ እስካሁን አላየሁም።